የሚሰበረው ብሎን

ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናችን ላይ ቤንዚን የሞላሁት እኔ ነኝ። አባዬ ከውስጥ ተቀምጦ በመስኮት እያዘዘኝ፣ እኔ ደግሞ ሐበሻ በሚበዛበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው ሁሉ የሚያየኝ እየመሰለኝ ስኮራ፣ ቧንቧውን ሳወጣው ቀና አድርጌ ያዝኩትና ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። አባዬ ጮኸ። እኔ ግን አልሰማሁትም። አስፋልቱ በፀሐይ ግሏል፣ ሽታው ከጫማዬ ወደ አፍንጫዬ ወጣ፣ እና ዓይኔ ላይ በረዶ መጣብኝ። ነጭ፣ ብዙ፣ ዛፍ ላይ የተቆለለ በረዶ። ቤንዚን ሲሸተው በረዶ ትዝ የሚለው ሰው በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ይሄ የጋሼ ሰይድ ሥራ ነው።

ጋሼ ሰይድ የአባዬ አጎት ነው። ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ከሚኒያፖሊስ ወደ እኛ መጣ። ብርዱ ጉልበቱን ስለበላው ነው ተባለ። ዌስት አዳምስ ሰፈር ባለው ቤታችን ጓሮ ጋራዥ አለ፤ አባዬ እዚያ ምንጣፍ አነጠፈለት፣ አንድ ሰው የምትይዝ አልጋ አስገባለት። ጋሼ የተከራየውን ትራክ በራችን ላይ ፓርክ አድርጎ ኋላውን ሲከፍተው፣ ፍራሽ፣ ሻንጣዎች፣ መስገጃ፣ ከሁሉም ጀርባ ደግሞ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ነበረ። እማዬ ፍሪጅ መስሏት ፊቷ በራ። ብርድ ልብሱ ሲነሳ ግን ብርቱካናማ ማሽን ሆኖ ተገኘ። ሁለት ጎማ፣ ሁለት እጀታ፣ ፊት ለፊቱ የተከፈተ ሰፊ አፍ፣ አፉ ውስጥ የሚጠማዘዝ ብረት፣ አናቱ ላይ ወደ ሰማይ የቀና አንገት አለው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?» አለች እማዬ።

«የበረዶ ማሽን ነው።»

እማዬ ሰማዩን አየች። ከዚያ አባዬን አየች። አባዬ መሬት መሬት አየ።

«ጥሩ ነው፤ ይግባ» አለች።

እኛ ቤት እንዲህ ነው። ትልቅ ሰው ያመጣውን ነገር ለምን አመጡት ተብሎ አይጠየቅም። ሶ፣ ማንም አልጠየቀም፤ ማንም ስላልጠየቀም ለእኔ ያስረዳኝ የለም። ስለዚህ ለብቻዬ አሰብኩት። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በረዶ የለም። የሌለ ነገር የሚጠርግ ማሽን ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የሚያመጣ ሰው ደግሞ የለም። አንገቱም ወደ ላይ ነው። እንግዲህ ይሄ ማሽን በረዶ የሚሠራ ነው ማለት ነው! በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄጄ፣ ጋሼ ሰይድ እስከ ክሬንሾው መንገድ ድረስ በረዶ ሊያዘንብ ነው ብዬ ለልጆቹ ሁሉ ነገርኩ። አንዷ ጓደኛዬ እናቷን ጓንት አስገዛቻት።

ጋሼን እኔ «አንተ» ነበር የምለው። አባዬና እማዬ «እርስዎ» እያሉ ሲያከብሩት እኔ «አንተ» ስለው እማዬ ከጠረጴዛ ሥር ትቆነጥጠኛለች። እሱ ደግሞ ዓይቶ ነው መሰለኝ፣ «ተያት፣ ከድጃ፣ እሷ ጓደኛዬ ናት» ይላል። ሐያት የሚለውን ስሜን ብዙ ጊዜ አይጠራም። «ሆዴ» ነው የሚለኝ።

ኦክቶበር ላይ፣ ያ ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ የሰውን ከንፈር ሲያደርቅ፣ ጋሼ ማሽኑን ወደ ጓሮ ገፍቶ አወጣና ለክረምት ማዘጋጀት ጀመረ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ባልዲ ገልብጬ አጠገቡ እቀመጣለሁ። እሱ በካናቴራ፣ ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ፣ ስለ ብርድ ያወራል።

«አሁን ነው መሠራት ያለበት» ይለኛል። «በረዶው ከወረደ በኋላ ጣት ይደነዝዛል። ብሎን ከእጅሽ ወድቆ በረዶ ውስጥ ከገባ እስከ ፀደይ አታገኚውም።»

በመጀመሪያ አሮጌውን ቤንዚን በጠርሙስ ቀዳው። ከጎኑ አዲስ ቤንዚን አደረገና ሁለቱንም አስሸተተኝ። አዲሱ አፍንጫ ይወጋል። የቆየው ግን እንደ በር ቀለም ይከብዳል፣ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። «እንዲህ የሸተተ ቤንዚን ውስጡን ያጣብቀዋል፤ ማሽኑ ታሞ ነው የሚነሳው» አለ። ሞተሩን በእሳት የሚያስነሳውን ካንዴላ ፈትቶ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቦረሸው። ሞተሩ ብረቱን የሚያዞርበትን የጎማ ቺንጋ በአውራ ጣቱ ተጫነና ላላ ስላለበት አጠበቀው። ጎማዎቹን እኩል ነፋ፤ አንዱ ካነሰ ማሽኑ ወደ ጎን ይጎትታል። አፉ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት እግሮች አሉት። እነሱን ለማስተካከል ከሥሩ ካርቶን አስገባ፣ ብሎናቸውን አላላ፣ አጠበቀ፣ ካርቶኑን ሳበ፣ እንደገና አላላ። አፉ ከመሬት በጣም ከቀረበ ጠጠር ይበላል፣ በጣም ከራቀ በረዶውን ይተዋል። እኔ እዚያ ጓሮ ውስጥ የማየው መሬት ደረቅ ሣርና የእማዬ ቃሪያ ተክል ብቻ ስለሆነ ምንም አልገባኝም። ግን በጣም ቆንጆ ሥራ ነበር።

አንድ ቀን የእማዬን የሚረጭ የመጥበሻ ዘይት ከኪችን ይዞ ወጣና የማሽኑን አንገት ውስጡን በሙሉ ረጨው። በረዶው እንዳይጣበቅ ነው። እማዬ ዘይቷን ስትፈልግ ጓሮ ድረስ መጣች፣ ቆርቆሮውን በጋሼ እጅ አየችው።

«እዚህ ነው እንዴ!» አለች ፈገግ ብላ። «ኧረ ይጠቀሙበት፣ ሌላ እገዛለሁ።»

ኪችን ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ግን አባዬን «ይመር፣ ብረት ጠብሰው ሊያበሉን ነው?» ስትለው ሰማኋት።

ኃይሉ የሚባል የአባዬ ጓደኛ አለ፤ በቫን ሰው ከኤርፖርት ያመላልሳል። ከሥራ ሲመለስ ፌርፋክስ ላይ ምሳውን ይበላና እኛ ጓሮ እየመጣ ይቀልዳል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ፀሐይ ይጠርጋል እንዴ?»

«ወሬ ይጠርጋል። ና፣ አንተ ላይ ልሞክረው።»

የነገሩን ቀልድነት ያስቀረውም ያው ኃይሉ ነው። አንድ ቀን ከኤርፖርት የጫናት ሴትዮ፣ ቢግ ቤር የሚባል በረዶ የሚጥልበት ተራራ ላይ የሚከራዩ ቤቶች እንዳሏትና በረዶ የሚጠርግላት የታመነ ሰው እንዳጣች እያማረረች ነገረችው። ኃይሉ ደግሞ «ሰውም ማሽንም አለኝ» አላት። ሴትዮዋ ሥራውን ለሚይዘው ሰው ከቤቶቹ ኋላ ያለችውን ትንሽ ቤት እንደምትሰጠው ተናገረች። ሁለት ክፍል ከነኪችኗ፣ በነፃ። የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ ይምጣና ሥራውን ልየው አለች።

ጋሼ ይሄን ሲሰማ መፍቻውን አስቀመጠ። ባለቤቱ እትዬ ዘይነባ ኮምቦልቻ ነበረች። ስንት ዘመን ተለያይተው፣ ቪዛዋ ገና አሁን አልቆላት፣ ለፀደይ ልትመጣ ነው። ጋራዡ ውስጥ ያለችው አልጋ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው የምትይዘው።

«ሁለት ክፍል ነው ያልከኝ?» አለው ኃይሉን።

«ሁለት። ከነኪችኗ።»

«ቢስሚላህ» አለና መፍቻውን አነሳ።

ከዚያን ቀን ወዲያ እኔ ግራ ገባኝ። ጋሼ ቤት እንዲያገኝ እፈልጋለሁ። እንዲሄድ ግን አልፈልግም። ማሽኑንም ይዞ ከሄደ ክሬንሾው ላይ በረዶውን ማን ያዘንበዋል? ለጓደኞቼስ ምን እላለሁ? ማታ ስተኛ አላህን አንዴ ሥራውን እንዲያገኝ፣ አንዴ ደግሞ እንዳያገኝ እለምነው ነበር። የትኛውን እንደሚሰማኝ ለራሱ ተውኩለት።

የብሎኑን ነገር ያስተማረኝም በዚያው ሰሞን ነው። የሚጠማዘዘውን ብረት ፈታትቶ መሃል ዘንጉን በግራሶ ከቀባው በኋላ፣ ከኪሱ ሁለት ትናንሽ ብሎኖች አወጣ።

«ይሄ ብሎን ደካማ ነው» አለኝ። «ሆን ተብሎ ነው ደካማ የተደረገው።»

«ለምን?»

«ይሄ ጠመዝማዛ ድንጋይ ወይ እንጨት የነከሰ ጊዜ፣ አንድ ነገር የግድ መሰበር አለበት። ብሎኑ ከተሰበረ ይቀየራል፣ ሥራ ይቀጥላል። እሱ እምቢ ካለ ግን መሃል ላይ ያለችው ሳጥን ትሰበራለች። ጥርሶቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። እሷ የማሽኑ ልብ ናት።»

«ሶ፣ ብሎኑ ከተሰበረ ጎበዝ ነው?»

«ከተሰበረ ጎበዝ ነው።»

ይሄ ጭራሽ አዞረብኝ። ያን ሳምንት የእማዬን ሳህን ሰብሬ ነበር፤ ማንም ጎበዝ አላለኝም።

አባዬ ሃውቶርን ውስጥ የአውሮፕላን ዕቃ የሚያሽግበት ሥራ ነበረው። አንድ አርብ ጋሼ ለጁምዓ እንደወጣ፣ አባዬ አለቃው የሰጠውን ትርፍ ብሎኖች በመሃረብ ጠቅልሎ መጣ። ኃይሉም አለ። ሁለቱ ማሽኑ ፊት ተንበረከኩ። አባዬ ደካሞቹን ብሎኖች ፈትቶ አንዱን በፒንሳ ጠመም ሲያደርገው ታጠፈለት።

«እየው፣ ይሄ ቅቤ ነው እኮ! በዚህ ነው ተራራ የሚወጡት?»

«አባዬ፣ ጋሼ ግን መሰበር አለበት ብሏል» አልኩት።

«ተቸግረው ነው እንጂ መሰበር ያለበት ብሎን ማን ይሠራል? ያለውን ነው የተጠቀሙት። እሳቸው ተቸገርኩ አይሉም፣ አታውቂያቸውም።» ጠንካራዎቹን ብሎኖች አስገብቶ፣ ዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ ጥርሱን ነክሶ አጠበቃቸው።

ጋሼ ከመስጊድ ሲመለስ አባዬ በሩ ላይ ጠበቀው፣ እጁን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደው። «የአውሮፕላን ብሎን ነው፣ ጋሼ። ሰማይ ላይ ያልተሰበረ ብሎን!» አባዬ ለሰው ስጦታ ሲሰጥ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ጋሼ ጎንበስ ብሎ ብሎኖቹን አየ። በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። «ይመር» አለ በመጨረሻ፣ «አላህ ይስጥህ። እንዲህ ያሰበልኝ የለም።»

እኔ አንዴ እሱን፣ አንዴ ብሎኑን አየሁ። አባዬ ሲገባ ተጠጋሁት።

«መጥፎ ነው አላልከኝም?»

«ለማሽኑ መጥፎ ነው።»

«ታዲያ አውጣዋ!»

«አብሽሪ፣ ሆዴ። ሰው ሳያየኝ እቀይረዋለሁ» አለና ከዕቃ ሳጥኑ ሌሎች ደካማ ብሎኖች አውጥቶ ኪሱ ከተተ።

ግን ሰው የማያይበት ቀን ጠፋ። አባዬ ከፌርፋክስ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ጓሮ እየወሰደ ብሎኖቹን ያስጎበኛል። ኃይሉም በሄደበት አወራው። አንድ ሬስቶራንት ውስጥ የማላውቀው ሰውዬ «የአውሮፕላን ሞተር የገጠማችሁት እናንተ ናችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጋሼ መፍቻ ባነሳ ቁጥር አባዬ «አይልፉ፣ እኔ አለሁ» ብሎ ይቀማዋል። በዚህ መሃል ሴትዮዋ ደወለች። ተራራው ላይ በረዶ ወርዷል።

«እዚያ እቀይረዋለሁ» አለኝ ጋሼ በጆሮዬ።

አባዬ ፒክአፕ ተዋሰ። ማሽኑን ከኋላ በገመድ አስረን፣ እነሱ ከፊት እኔ ከኋላ ወንበር ሆነን ወጣን። ከተማው አለቀ፣ መንገዱ መጠምዘዝ ጀመረ፣ ጆሮዬ ተደፈነ። ከዚያ አንድ መታጠፊያ ስናልፍ ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። ጋሼና አባዬ «ሱብሃን አላህ!» አሉ። እኔ ግን ላለቅስ ደረስኩ። ማሽናችን ገና ሳይነሳ በረዶው ወርዶ አልቋል። ሌላ ሰው ቀድሞናል ማለት ነው!

ሴትዮዋ ረጅም፣ ቀይ ቦት ያደረገች፣ ፈገግ ያለች ሴት ነበረች። ከቤቶቹ ፊት ያለው የመኪና መግቢያ እስከ አባዬ ጉልበት ድረስ በረዶ ሞልቶታል። ጋሼ መጀመሪያ መሬቱን በእግሩ ቆፍሮ አየ፣ ጠጠር መሆኑን ሲያውቅ የማሽኑን የብረት እግሮች ከፍ አደረገ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ይመር፣ ጓንቴን መኪና ውስጥ ረስቼ ነው መሰለኝ።»

አባዬ የራሱን ጓንት አውልቆ ሰጠው።

«ይመር፣ ብርድ ነው፤ መኪና ውስጥ ግባና ተሞቅ።»

«ጋሼን ትቼ? ወላሂ አላደርገውም!»

ጋሼ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ሆዴ፣ አባትሽን ለትንሽ ጊዜ ወደዚያ ውሰጂልኝ።»

ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አባዬ፣ ሽንቴ መጣ!» ብዬ ጮህኩ።

አባዬ ለሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ነገራት። እሷ ደስ ብሏት እጄን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችኝ። ሽንት ቤት ውስጥ ያለ ምንም ሥራ ቆሜ በትንሹ መስኮት አየሁ። ጋሼ እንደቆመ ነው፣ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። አባዬ አጠገቡ ሆኖ ስልኩን ዘርግቷል፤ ኃይሉ በቪዲዮ ከቫኑ ውስጥ ያያቸዋል። ስወጣ አባዬ ሴትዮዋን ጠርቶ፣ ጎንበስ አድርጎ ብሎኖቹን እያሳያት ነበር። አውሮፕላን መሆኑን እንድታውቅ ሁለት እጁን እንደ ክንፍ ዘረጋላት።

«ዋው» አለች ሴትዮዋ።

ጋሼ እጁን ከኪሱ አወጣ። ባዶውን ነበር።

ገመዱን ሳበ። በሁለተኛው ማሽኑ ተነሳ፤ ዛፎቹ ላይ ያለው በረዶ በድምፁ ረገፈ። ጋሼ እጀታውን ጨብጦ ሲገፋ፣ ያ ሰፊ አፍ በረዶውን እየበላ፣ አንገቱ ደግሞ በሰማዩ ላይ እንደ ነጭ ቀስት አድርጎ ወደ ጎን ወረወረው። እውነትም በረዶ ያዘንባል! ብሎኑን ረሳሁ፣ መሄዱንም ረሳሁ፣ ዘለልኩ። ጋሼ ጉልበቱ የማያመው ሰው መሰለ፤ ወገቡ ቀጥ ብሎ፣ ጠርዙ እንደ ቢላ የተቆረጠ መንገድ እያወጣ ሄደ። ሴትዮዋ አጨበጨበች። አባዬ ስልኩ ውስጥ ላለው ኃይሉ «አየህ! አየህ!» ይላል።

ከመግቢያው ግማሹን እንዳለፈ፣ አጥር ጥግ ሲደርስ ማሽኑ «ቋ!» አለ። ሞተሩ ማጓራቱን ቀጠለ፤ ጠመዝማዛው ግን ቆመ።

ጋሼ አጠፋው። በዱላ ከአፉ ውስጥ በረዶ የለበሰ የማገዶ ፍልጥ ጎልጉሎ አወጣ። ጠመዝማዛውን በዱላው ገፋ ሲያደርገው እንደ መጫወቻ ዝም ብሎ ዞረ። ከመሃሉ ሳጥን ቢጫ ዘይት በረዶው ላይ ይንጠባጠባል። እኔ ያቺ ሳጥን ማን እንደሆነች አውቅ ነበር።

አባዬ ተንበርክኮ በስልኩ መብራት አበራ። ብሎኖቹን አገኘ። «ንክች አላሉም!» አለ። «ጋሼ፣ ይዩ፣ አንዳቸውም ንክች አላሉም!»

ጋሼ ብዙ ሳያይ ተነሳ። «ወላሂ፣ ጥሩ ብሎን ነው። ማሽኑ ነው ያረጀው።»

አካፋ ለምኖ የቀረውን በእጁ ጠረገ። አባዬም ሌላ አካፋ ይዞ አብሮት ጠረገ፤ ጋሼ በየመሃሉ ጉልበቱን ይዞ ይቆማል። ሴትዮዋ በኩባያ ትኩስ ቸኮላት አመጣችልን፤ በጣም አዝናለች። ሥራው ጥሩ እንደነበረ፣ ግን በየሳምንቱ በረዶ ስለሚጥል የሚያስተማምን ማሽን ያለው ሰው እንደሚያስፈልጋት ተናገረች። አስባበት ለኃይሉ እንደምትደውል ነገረችን። እኔ «ትደውላለች» የሚለውን ብቻ ይዤ ሁሉም ነገር የተስተካከለ መሰለኝ። የአባዬን ፊት ሳይ ነው እንዳልሆነ የገባኝ።

ልንሄድ ስንል ጋሼ ጠፋ። ከቤቶቹ ኋላ አገኘሁት። ትንሿ ቤት በር ላይ ቆሟል፤ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየና ተመለሰ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው የበሩን ደረጃ ከበረዶ አጸዳ። በአካፋ አይደለም፣ በእግሩ ጎን፣ ቀስ እያደረገ። ከእኛ ጋር እንደሚቀር ያን ጊዜ ገባኝ። ደስ አለኝ። ግን ሄጄ እኔም በጫማዬ ጎን ደረጃውን አብሬው ጠረግኩ።

ስንወርድ አባዬ እየነዳ ሊያጽናናው ሞከረ። «አይዞዎት፣ ጋሼ። እትዬ ዘይነባ ሲመጡ እኛ ጋራዡ ውስጥ እንገባለን፣ እናንተ የእኛን ክፍል ትይዛላችሁ። ከድጃን እኔ አናግራታለሁ።»

«አይሆንም፣ ይመር።»

«ይሆናል። ማሽኑም ሌላ ይገዛል። ብሎኖቹን ግን ነቅዬ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ለአዲሱ ይሆናሉ።»

«ኢንሻአላህ» አለ ጋሼ።

መንገዱ ተጠማዘዘ። በረዶው እያነሰ፣ ጥቁሩ አስፋልት እየታየ መጣ። አባዬ ራሱን ነቀነቀ።

«ያልገባኝ ነገር ግን፣ ያን የመሰለ ሳጥን ምን ሰበረው?»

መልሱን አውቃለሁ! ያን ክረምት ሙሉ ምንም ሳይገባኝ ከርሜ፣ ይሄን አንድ ነገር ብቻ ጥርት አድርጌ አውቃለሁ። ቀበቶዬን ላላ አድርጌ በሁለቱ መቀመጫዎች መሃል ብቅ አልኩ፣ አፌን ከፈትኩ።

ጋሼ ከፊት በተሰቀለው የኋላ ማሳያ መስታወት አየኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ሐያት ተኝታለች እንዴ?» አለ፣ ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል።

አባዬን አየሁት። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ መልስ ይጠብቃል።

«አዎ» አልኩና ወደ ኋላ ተመልሼ ተደገፍኩ። «ተኝቻለሁ።»